በፔጅ ካሽ ፓች ሥር ስሜን ከማስፈሬ በፊት ማወቅ የነበረብኝ

የሊኑክስ ከርነልን (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) ፔጅ ካሽ፣ ማለትም የፋይሎችን ዳታ በሜሞሪ የሚያቆየውን ክፍል፣ የሚነካ ፓች (የኮድ ለውጥ) ልትገመግሙ ከሆነ ይህን አንብቡ። እኔን አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

ዝግጅቱ ብዙ አያስቸግርም። ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሆናችሁ ሙሉውን የከርነል ኮድ በጊት ክሎን ለማድረግ (ለመቅዳት) ግን አትሞክሩ። መብራት ሲሄድ ራውተሩም ይጠፋል፣ የተቋረጠ ክሎን ደግሞ ካቆመበት አይቀጥልም። የከርነሉ ዋና ድረ ገጽ ላይ ያለውን የባንድል ፋይል (ሁሉም በአንድ የታሸገበትን) አውርዱ፤ እሱ እንደማንኛውም ፋይል ካቆመበት ስለሚቀጥል ሦስት ሌሊት ቢፈጅም ያልቃል። ከዚያ ፓቹን ማስገባት፣ የአጻጻፍ ስህተት የሚፈልገውን ቼክፓችን ማስኬድ፣ ኮምፓይል ማድረግ ነው።

የመጣልኝ ፓች አጭር ነበር። ፔጅ ፎልት (ፕሮግራም ገና ያልተያያዘለትን የሜሞሪ ገጽ ሲነካ የሚነሳው) በሚስተናገድበት ኮድ ውስጥ፣ ፎሊዮው (የፋይሉን ዳታ የያዘው የፔጆች ጥቅል) ከተቆለፈ በኋላ ማፒንጉ (ፎሊዮው የየትኛው ፋይል እንደሆነ የሚያሳየው ጠቋሚ) አሁንም የዚያው ፋይል መሆኑን የሚያጣራውን ፍተሻ ያነሳል። ማብራሪያው «ሪፈረንስ ይዘናል፣ ሎክም ይዘናል፤ ስለዚህ ፍተሻው ትርፍ ነው» ይላል። አመንኩት። ዛሬም ያናድደኛል።

ሪፈረንስ፣ ማለትም «እየተጠቀምኩበት ነው» የሚል ቆጠራ፣ የሚጠብቀው ሜሞሪውን ነው። ፎሊዮው ተለቆ ለሌላ እንዳይሰጥ ያደርጋል እንጂ በፋይሉ ካሽ ውስጥ አያቆየውም። አንዱ ሲፒዩ ፎሊዮውን አግኝቶ ሪፈረንስ ይይዝና ሎኩን ይጠብቃል። ሎኩ ፋይሉን ወደ ዜሮ በሚያሳጥረው በሌላው ሲፒዩ እጅ ነው፤ እሱ ፎሊዮውን ከካሹ ይነቅላል፣ ማፒንጉን ነል (ባዶ) ያደርጋል፣ ሎኩን ይለቃል። ፋይሉ ወዲያው ወደ 4096 ባይት ቢመለስ ቀጥሎ ያለው የመጠን ፍተሻም ያልፋል። የመጀመሪያው ሲፒዩ እንግዲህ ከፋይሉ የተነቀለውን ፎሊዮ ለፕሮሰሱ ማፕ ያደርግለታል (በአድራሻው ላይ ያያይዝለታል)። ፕሮሰሱ የተቆረጠውን አሮጌ ዳታ እያነበበ ይቀጥላል፤ በሌላ በኩል የሚጻፈውን አዲስ ዳታ አያየውም። የከርነሉ ሎግ ላይ አንዲት መስመር አይወጣም።

ቴስት አድርጌ ነበር፤ ያታለለኝም ቴስቱ ነው። የሜሞሪ ስህተት የሚፈልገው ካሳን ዝም አለ፣ እኔም ተጽናናሁ። ካሳን የሚይዘው የተለቀቀ ሜሞሪ ሲነካ ነው፣ እዚህ ደግሞ ሪፈረንሱ ስላለ ምንም አልተለቀቀም። የሎኮችን አያያዝ የሚከታተለው ሎክዴፕም የሚለው የለውም፤ የሎኮቹ ቅደም ተከተል ትክክል ነው። ቨርቹዋል ማሽኑን ያስነሳሁት ደግሞ ኪውኢሙ (ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ካልነገሩት በሚሰጠው በ1 ሲፒዩ ነበር። ከሁሉ የከፋው ፎልት-አራውንድ ነው፦ ካሽ ውስጥ ያሉ ጎረቤት ፔጆችን በራሱ መንገድ ቀድሞ ማፕ ስለሚያደርግ ቴስቴ የተለወጠውን መስመር ጨርሶ አልረገጠውም። ይህን ሳላጣራ «ሪቪውድ-ባይ» (ገምግሜዋለሁ) ብዬ ፈረምኩ።

ሌላ ገምጋሚ «ትራንኬትስ?» (ፋይሉ ሲያጥርስ?) ብሎ በአንድ ቃል አቆመው።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። 4 ሲፒዩ እሰጣለሁ። ዲበግኤፍኤስ (የከርነሉ የሙከራ ማስተካከያዎች ያሉበት ማውጫ) ውስጥ የፎልት-አራውንድን መጠን ወደ 4096 ባይት (አንድ ፔጅ) አወርዳለሁ፣ ያኔ ይጠፋል። ፎሊዮው ከመቆለፉ በፊት ለጊዜው የ50 ሚሊሰከንድ እንቅልፍ እጨምራለሁ። አንዱ ትሬድ ማፑን በማድቫይዝ ጥሪ አራግፎ ያነባል፤ ሌላው ፋይሉን ወደ ዜሮ አሳጥሮ፣ መልሶ አራዝሞ፣ አዲስ የዙር ቁጥር ይጽፍበታል። ሲግባስን (ከፋይሉ መጠን በላይ ያለ ማፕ ሲነካ የሚላከውን ሲግናል) መያዝ ግዴታ ነው፣ አለዚያ ፋይሉ ዜሮ በሆነበት ቅጽበት ፕሮግራሙ ይሞታል። ሁለቱ ሲጨርሱ በማፑ የሚታየውን ቁጥር በፒሪድ (ያለ ማፕ ፋይሉን በሚያነብ ጥሪ) ከተነበበው ጋር አስተያያለሁ። ከተለያዩ የተነቀለ ፎሊዮ ማፕ ሆኗል ማለት ነው።

የተለመደው ምክር ማብራሪያውን አስቀድማችሁ አንብቡ የሚል ነው። ለፔጅ ካሽ አልስማማም። መጀመሪያ ዲፉን (የተለወጡትን መስመሮች) ብቻ አንብቡ፣ የሚነሳው ፍተሻ ከማን ጋር ለሚደረግ ሽሚያ እንደተቀመጠ በራሳችሁ ጻፉ፣ ማብራሪያውን ከዚያ ክፈቱ። ጊት ብሌም (እያንዳንዱ መስመር በየትኛው ለውጥ እንደገባ የሚናገረው ትዕዛዝ) የሚያሳየው የቆየ ኮሚት ብዙ ጊዜ መልሱን ይዟል።

ፊርማዬን እዚያው በሰጠሁበት ሜይል ላይ መልስ ጽፌ አነሳሁ፣ ቴስቱንም አያያዝኩ። በሁለተኛው ቨርዥን ፍተሻው ተመልሷል፤ ከላዩም ትራንኬትን የሚጠቅስ ኮሜንት ተጨምሮበታል።