ጭስ ጭስ የሚል ቡና

ዛሬ ከሰዓት ጣና ዳር ቡና እየጠጣሁ ጎረቤታችን ጋሼ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ናቸው። ልብሳቸው ጭስ ጭስ ይላል። ጫማቸው ላይ ግማሹ ያረረ የደንገል፣ የሐይቁ ዳር ረጅም ሣር፣ ቅጠል ተለጥፏል።

«ዛሬ ደግሞ የት ነበሩ ጋሼ?»

«ደንገል ውስጥ ነዋ! አንድ ገበሬ መሬቱን ለእርሻ ሊመነጥር የለኮሰው እሳት በነፋስ አምልጦት።»

የደንገል እሳት ክፉ ነው አሉኝ። መኪናው ጭቃው ውስጥ አይገባም። ከላይ የጠፋ ሲመስል ከሥር የተከማቸው ብስባሽ ውስጥ ውስጡን ይጤሳል። በአካፋ እየገለበጡ፣ በእርጥብ ቅጠል እየመቱ ነው የሚያጠፉት። እጃቸውን አየሁት፤ መዳፋቸው ውሃ ቋጥሯል።

እሳቸውን ያሳዘናቸው ግን እጃቸው አይደለም። «ልጄ፣ ዓሣው የሚራባው እዚያ ነው። ደለሉን የሚያስቀረውም እሱ ነው። ታንኳው ከምን ሊሠራ ነው?» አሉኝ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ዳርቻው ግን በየበጋው ይነዳል።

በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሰሜን ተራሮች ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። ጋሼ ያንን አይረሱትም። «ዝናቡ እንደ ድሮው ቀኑን አይጠብቅም። ሣሩ ደርቆ ይከርማል። እኛ ውሃ ይዘን ብንሮጥ ምን ዋጋ አለው? ሳይለኮስ ነበር መድረስ።» አሁን እሳቱን ካጠፉ በኋላ ቁጭ ብለው ከገበሬው ጋር ያወራሉ። በእኔ እምነት ትልቁ ሥራቸው ይሄ ነው።

እኛ ግቢ የተጠራቀመው ደረቅ ቅጠል ነገ ሊቃጠል ነበር። ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ተወው፣ ጉድጓድ ቆፍረን ማዳበሪያ እናድርገው አልኩት።