የ9,000 ብሩ ልዩነትና የሆዴ መነፋት

ሰኔ 28 ቀን ነበር፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል። ቢሯችን ከዋናው ፖስታ ቤት ጀርባ ነው። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶታል። የባንክ ማስታረቂያው፣ ማለትም የእኛን መዝገብ ከባንኩ መዝገብ ጋር የምናመሳክርበት ሒሳብ፣ ደግሞ አልገጥም ብሎናል። ልዩነቱ 9,000 ብር። ድፍን 9,000፣ ሳንቲም እንኳ የለውም።

እኔ ግን ሐሳቤ ሁሉ ሆዴ ላይ ነበር። ጾም ስለሆነ ምሳዬን የበላሁት 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ሽሮ። ከዚያ ወዲህ ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። የቀሚሴን ቁልፍ ከሹራቤ ሥር ፈትቼ ነው የተቀመጥኩት። ጎንበስ ስል ወደ ላይ ይገፋኛል፣ ቀና ስል ይጨንቀኛል። የቀረውን ቫውቸር ሁሉ የመዘገብኩት እንዲህ ሆኜ ነው።

ስህተቱን እንድናገኘው የረዱን ጋሼ ናቸው። ከሁላችንም በላይ በሥራው የቆዩ ሰው ናቸው፤ ስማቸውን የሚጠራ የለም፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ልዩነቱን ሲሰሙ ትንሽ ዝም አሉና «ለ9 ይካፈላል?» ብለው ጠየቁ። ይካፈላል። «እንግዲያው ቁጥር ተገላብጧል። እሱን ፈልጉ» አሉ።

ይሄ የቆዩ የሒሳብ ሠራተኞች ዘዴ ነው። 45 መጻፍ ሲገባችሁ 54 ብትጽፉ ልዩነቱ 9 ነው። 27ን 72 ብትሉት ልዩነቱ 45 ነው። ሁለት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። በ20 ደቂቃ ተገኘ። የ45,000 ብር ቼክ 54,000 ተብሎ ገብቷል። ከምሳ በኋላ የመዘገብኩት ነው። የእኔ እጅ ነው።

አምስት ሰው በእኔ ምክንያት አምሽቷል። አንዷ ቤት ትታው የመጣችው ሕፃን አላት። አፈርኩ፣ እንባዬም መጣ። «ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሆዴን እየነፋኝ ነው፤ ከምሳ በኋላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም» አልኳቸው። ወራት አስቆጥሮ ነበር፣ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

«ዛሬ ምን በላሽ?»

«ሽሮ።»

«ትናንትስ?»

አሰብኩ። ምስር መሰለኝ።

«ባለፈው ሳምንት ረቡዕስ?»

ዝም አልኩ።

«ልጄ፣ ሳትመዘግቢ ምኑን ታስታርቂያለሽ?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ።

እውነታቸውን ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የሠራሁት ሁሉ ግምት ነበር። መጀመሪያ እንጀራን ጠረጠርኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንጀራ ትቼ ዳቦ በላሁ፤ ባሰብኝ። ከዚያ ጨጓራ ነው ብዬ ከፋርማሲ መድኃኒት ገዛሁ፤ ለውጥ የለም። አንዷ ዝንጅብል አለችኝ፣ ሌላዋ ጥቁር አዝሙድ፣ ሌላዋ ጤና አዳም። ምግብ ያዋህዳል ሲሉኝ ከምሳ ጋር ጋዝ ያለው ውሃ ጀመርኩ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ እየደራረብኩ ነው የምሞክረው። አንድ ቀን ቢሻለኝ እንኳ የትኛው እንደረዳኝ ማወቅ አልችልም ነበር። ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው አምስት ሒሳብ ባንዴ ነካክቶ «ገጠመልኝ» ቢለኝ አላምነውም። በገዛ ሆዴ ግን ያንኑ ሳደርግ ነበር።

በማግስቱ መስመር ያለው ደብተር ገዛሁ። አራት ዓምድ አሰመርኩ፦ ሰዓት፣ የበላሁት፣ የጠጣሁት፣ ሆዴ። ለሆዴ ከ0 እስከ 3 ቁጥር እሰጣለሁ። 3 ማለት ቁልፍ የሚያስፈታ ነው።

የሰኔ ጾም እስኪፈታ ያሉት ገጾች ግልጽ ነበሩ። ሽሮ፣ 3። ክክ ወጥ፣ 3። ሽሮና ጋዝ ያለው ውሃ፣ 3፣ ግሳት ጨምሮ። ድንች በካሮት፣ 1። በቃ፣ ጥራጥሬ ነው አልኩ። ሐምሌ 5 ጾሙ ሲፈታ ደስ ብሎኝ ሽሮውን ተውኩት።

ሐምሌ 9 ላይ ያለው ገጽ ግን እንዲህ ይላል። «2:30፣ ሻይ በወተት፣ ትልቅ ኩባያ። 4:15፣ ማኪያቶ። 5:00፣ ማኪያቶ። 5:40፣ ሆድ 3።» ምሳ ገና አልበላሁም!

ደብተሩን ይዤ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። እኛ ዘንድ ከባዱ ስህተት ዘጠኝ ሺህ የሚያጎድለው አይደለም። ከባዱ አንዱ ያጎደለውን ሌላው የሚሞላው ነው። ድምሩ አይለወጥም፣ ስለዚህ ማንም አያየውም። የእኔም ሆድ እንዲያ ሆኖ ነው ያታለለኝ። በጾም ወተት የለም፣ ጥራጥሬው ይበዛል። በፍስክ ጥራጥሬው ይቀንሳል፣ ወተቱ ይመጣል። ሆዴ ሁልጊዜ የተነፋ ስለሆነ አንዱም ጥፋተኛ አይመስልም ነበር። ሽሮ ሳልበላም ይነፋኛል፣ ወተት ሳልጠጣም ይነፋኛል። ስለዚህ ሁለቱንም ነፃ አውጥቼ እንጀራውን ከሰስኩ።

ደብተሩን ይዤ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ቶሎ ቶሎ ሳይሆን ገጽ በገጽ አነበበችው፤ ለዚህ እስካሁን አመሰግናታለሁ። መጀመሪያ ግን ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። ክብደት ቀንሰሻል? ሰገራሽ ላይ ደም አይተሻል? ያስመልስሻል? ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም አለ? የለም አልኳት። የሰገራ ምርመራም አዘዘች፤ ጃርዲያም ሆድ ይነፋል። ነፃ ሆነ። ሐኪሟ ከጠየቀችኝ ምልክቶች አንዱ ያለበት ሰው ደብተር ይዞ ቤቱ መቀመጥ የለበትም። በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች ሆዳቸው አዲስ መነፋት ጀምሮ አልለቅ ካላቸው ቶሎ መታየት አለባቸው፤ የማህፀን እንቁላል ዕጢ ካንሰርም እንዲህ ሊጀምር ይችላል። ይህን ለእናቴና ለአክስቶቼ ነግሬያቸዋለሁ።

ከዚያ ነገሩን አስረዳችኝ። በአተር፣ በሽምብራና በባቄላ ውስጥ ራፊኖስና ስታኪዮስ የሚባሉ የስኳር ዓይነቶች አሉ። የሰው ትንሹ አንጀት እነሱን የሚሰባብር ኢንዛይም የለውም። ሳይፈጩ ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ያብላሏቸዋል፣ ጋዝም ይወጣል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ስንዴ ደግሞ ፍሩክታን የሚባል አላቸው፤ መንገዱ ያው ነው። ዳቦው ለምን እንዳባሰብኝ ያኔ ገባኝ። ወተቱ ሌላ ነው። የወተትን ስኳር፣ ላክቶስን፣ የሚፈጨው ላክቴዝ የሚባለው ኢንዛይም በብዙ ሰው ላይ ከልጅነት በኋላ ይቀንሳል። ትንሽ ወተት ከምግብ ጋር ብዙዎች ይችላሉ። እኔ ግን በባዶ ሆዴ ነበር የምደራርበው።

እነዚህን ስኳሮች የሚቀንስ የአመጋገብ ዘዴ አለ፤ ሎው ፎድማፕ ይባላል፣ አውስትራሊያ ሜልቦርን በሚገኘው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። የሚጠረጠሩት ምግቦች ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይቀነሳሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይመለሳሉ። ዕድሜ ልክ መከልከል አይደለም። «አንድ በአንድ» ስትለኝ ጋሼ ትዝ አሉኝ።

የቀየርኩት ነገር ብዙ አይደለም። ሽሮ አልተውኩም፤ የማን ቤት ጾም ያለ ሽሮ ያልፋል? ግን ከፊሉን ቦታ ድንችና ጎመን ይዞታል። ንፍሮ ሲሆን ጥራጥሬው ያድራል፣ የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋል፤ ከስኳሮቹ የተወሰኑት አብረው ይሄዳሉ። የሽሮ እህል ግን አንዴ ከተፈጨ በኋላ ይህ አይሆንም፣ ስለዚህ መጠኑን ነው የምቆጥበው። ሽንኩርቱ ከባድ ነው። ፍሩክታን በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም፤ ነጭ ሽንኩርት በዘይት አጥብሶ ማውጣት ይቻላል፣ ሽታው ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። የእኛ ወጥ ግን ሰውነቱ ራሱ ቀይ ሽንኩርት ነው፤ ከየት ይወጣል? በግማሽ ቀነስኩት። እናቴ ወጡ ቀጥኗል ትላለች።

ወተት በቀን አንድ ማኪያቶ ብቻ፣ ከቁርስ ጋር። እርጎና አይብ አላስቸገሩኝም፤ ሲብላሉ ላክቶሳቸው ይቀንሳል። ጋዝ ያለው ውሃ ቀርቷል። እንጀራዬም ተመልሷል፤ በከንቱ ነው የከሰስኩት።

ትልቅ ለውጥ ያመጣው ግን ደብተሩ ላይ ያልነበረ ዓምድ ነው፤ በስንት ደቂቃ በላሁ የሚለው። በነሐሴ፣ በፍልሰታ፣ ጨመርኩት። 9 ሰዓት ላይ እርቦኝ በ8 ደቂቃ ስውጠው፣ ያው ምግብ፣ 3። ቀስ ብዬ በ25 ደቂቃ ስበላው፣ 1። ስንስገበገብ አየርም አብረን እንውጣለን። ከምሳ በኋላም ወደ ኮምፒውተሩ አልሮጥም። ከፖስታ ቤት በቸርችል ቁልቁል እስከ ለገሃር እወርድና ቀስ ብዬ እመለሳለሁ። ሥጋት ነበረኝ፣ ሰዓት ይበላብኛል ብዬ። አለቃዬን አስፈቀድኩ፤ ከሰዓት የምመዘግበው ስህተት ስለቀነሰ ምንም አላለችም። አንዳንድ ቀን ጋሼም አብረውኝ ይወርዳሉ።

ያልታየ አንድ ሒሳብ ቀርቶኛል፤ ጥቅል ጎመን። ሁለት ጊዜ 2 ሰጥቼዋለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ግን አጠገቡ ክክ ነበር። ማክሰኞ ብቻውን እበላዋለሁ።