የፖርሽ ፍሬን
ዛሬ ደብረ ብርሃን በምሠራበት ጋራዥ የአንድ ፖርሽ ጎማ ስንፈታ፣ ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት በሚወርደው ረጅም ቁልቁለት የነደደው የፍሬን ሸራ ብረቱ ላይ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት፣ ጠርዙም ተሰነጣጥቆ አገኘነው። ሸራው ውድ ነው፤ ሸራው ጨምቆ የሚይዘው፣ ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ሳህን፣ ማለትም የዲስኩ ዋጋ ግን ከዚያም ይብሳል። በዚህች መኪና ላይ የተገጠመው የካርቦን ሴራሚክ ዲስክ ክብደቱ ከብረቱ ዲስክ በግማሽ ያህል የቀነሰና ሙቀትን በእጅጉ የሚቋቋም ቢሆንም፣ አራቱንም ለመቀየር ማጓጓዣውና ቀረጡ ሳይታሰብ ከ10,000 ዶላር በላይ ይጠይቃል። ጎማው ሲወጣ የዲስኩን ጠርዝ ከገጨው ሊሸርፈው ስለሚችል፣ ሁለት ሆነን በቀስታ ነው ያወጣነው። ዲስኩ ደህና በመሆኑ ከልብ ደስ ብሎኛል። የፍሬን ዘይቱንም ቀየርን፤ እርጥበት የሳበ ዘይት በቁልቁለት ሙቀት ይፈላልና። ባለቤቱን ከእንግዲህ ቁልቁለቱን በከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ እንዲወርዱ አጥብቄ ለምኛቸዋለሁ።