አሮጌ የባክአፕ ውቅርን ከሰርቨር ላይ ስለማንሣት

በዴቢያን (በአንድ የሊኑክስ ዓይነት) የሚሠራ አንድ ሰርቨርን አርስናፕሾት ከተባለው የባክአፕ ፕሮግራም ሬስቲክ ወደተባለው ሌላ ካዛወርኩ በኋላ የቀረኝ ሥራ የአሮጌውን ውቅር (የፕሮግራሙን ቅንብር) ርዝራዥ ማንሣት ነበር፤ ይህንንም የጀመርኩት ከአዲሱ ባክአፕ ጥቂት ፋይሎችንና አንድ የዳታቤዝ ቅጂ ወደ ሌላ ፎልደር መልሼ፣ በትክክል መከፈታቸውን ካረጋገጥኩ በኋላ ነው።

ከመሰረዝ በፊት ማስቆም ይቀድማል። ሥራዎችን በተወሰነላቸው ሰዓት የሚያስጀምረው የዴቢያን ክሮን፣ የውቅር ፋይሎች በሚቀመጡበት በኢቲሲ ሥር ባለው የክሮን ዶት ዲ ፎልደር ውስጥ ስማቸው ነጥብ ያለበትን ፋይሎች ስለማያነብ፣ በአሮጌው ፋይል ስም መጨረሻ ላይ ነጥብና አንድ ቃል መጨመር ሥራውን ያቆመዋል፤ ሐሳብ ቢለወጥም ስሙን መመለስ ይበቃል። እንደ ክሮን ሥራን በሰዓቱ የሚያስጀምር የሲስተምዲ ታይመር ካለ፣ እርሱም ለብቻው እንዳይሠራ ይደረጋል።

በዴቢያን ፕሮግራሞችን የሚጭነውና የሚያወጣው የአፕት ‹ሪሙቭ› ትእዛዝ ፕሮግራሙን አውጥቶ የውቅር ፋይሎቹን እዚያው ይተዋል። እነርሱንም የሚያጠፋው ‹ፐርጅ› ስለሆነ፣ አስቀድሞ ውቅሩን ገልብጦ ማስቀመጥ ይገባል፤ የትኞቹ ፎልደሮች ባክአፕ ይደረጉ እንደነበር የሚናገር ሌላ ሰነድ ብዙ ጊዜ አይገኝምና።

አርስናፕሾት ያልተለወጡ ፋይሎችን በሃርድ ሊንክ (ለአንድ ይዘት በሚሰጥ ተጨማሪ የፋይል ስም) ስለሚያጋራ፣ 20 ጊጋባይት የሚመስል አንድ የድሮ ፎልደር ቢሰረዝ ያን ያህል ቦታ ላይለቀቅ ይችላል፤ የመጨረሻው ሊንክ እስኪጠፋ ድረስ ይዘቱ ከዲስኩ አይወጣም።

ዲስኩ ራሱ የሚነቀል ከሆነ ሰርቨሩ ሲበራ የሚያያዙ ዲስኮች በሚዘረዘሩበት ፋይል፣ በኤፍኤስታብ ውስጥ ያለው መስመር ቀድሞ ይነሣ፤ ‹ኖፌይል› (ዲስኩ ባይገኝም ቀጥል የሚል ምርጫ) ካልተጻፈበት፣ ሰርቨሩ በቀጣዩ ሲበራ ዲስኩን ጠብቆ ጠብቆ ለጥገና ብቻ ወደሚሆነው ኢመርጀንሲ ሞድ ሊገባ ይችላል። በመጨረሻም አሮጌው ባክአፕ ከሌላ ማሽን ጋር ይገናኝ ከነበረ፣ በዚያ ማሽን ላይ ለባክአፕ የተፈቀደው የኤስኤስኤች ቁልፍ (ከሩቅ መግቢያ የሚሆን ዲጂታል ቁልፍ) ይሰረዛል፤ እንደ እኔ ግምት በብዛት የሚረሳው ይህ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ይለፍ ቃል ስለሚሠራም ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው እርሱ ነው።