ቢሮዬ በር ላይ የነበረው ሰልፍ

ማተሚያ ቤታችን ከተግባረ ዕድ ጀርባ ነው። አባቴ የጀመረው፣ እኔ የተረከብኩት፣ 34 ሠራተኞች ያሉት ቤት ነው። ባንክና ኢንሹራንሱ ሰንጋ ተራ ስለተሰበሰበ ደንበኛ ቅርባችን ነው። ሥራ ሞልቶ ነበር፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

የባሰው ሐምሌ 2016 ላይ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የወረቀቱም የቀለሙም የፕሌቱም ዋጋ ይለዋወጥ ጀመር። ደነገጥኩ። ያለ እኔ ፊርማ አንድም ፕሮፎርማ እንዳይወጣ አዘዝኩ። ቀጥሎ ናሙና ማጽደቁን ያዝኩ፣ ቀጥሎ የወረቀት ወጪውን፣ ቀጥሎ ትርፍ ሰዓቱን። ሁለት ወር ሳይሞላ ቢሮዬ በር ላይ ሰልፍ ተተከለ። ፎርማናችን ከማሽን የወጣ እርጥብ ናሙና በሁለት እጁ ይዞ፣ ቀለሙ ልብሱን እንዳይነካው ክንዱን ዘርግቶ ሲጠብቀኝ አሁንም ይታየኛል። ከአባቴ ጋር 20 ዓመት የሠራ ሰው ነው። ቀለም ከእኔ በላይ ያውቃል።

ሥራ አስኪያጅን በአመራሩ የሚያግዝ፣ ኮች የሚሉት ባለሙያ እንድይዝ የመከረኝ ጓደኛዬ ነው። መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የኳስ አሰልጣኝ ነበር። በኋላ ሳነብ ዝምድናው እውነት ሆኖ አገኘሁት። ለሥራ አስኪያጆች የሚሰጠው ኮቺንግ አንዱ ሥሩ ስፖርት ነው። ከጀማሪዎቹ አንዱ ቲሞቲ ጋልዌይ የቴኒስ አሰልጣኝ ነበር፤ ሐሳቡን ወደ መሥሪያ ቤት ካስገቡት አንዱ ጆን ዊትሞር ደግሞ የመኪና ተወዳዳሪ። ስቲቭ ጆብስንና የጉግሉን ኤሪክ ሽሚትን ያማከረው ቢል ካምቤልም የአሜሪካን ፉትቦል አሰልጣኝ የነበረ ሰው ነው። ለእኔ ግን ነገሩን ያቀለለልኝ የራሳችን ሰው ነው። ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ኃይሌን፣ ደራርቱን፣ ቀነኒሳን ሲያሠለጥኑ አብረው ትራኩ ላይ አልተወዳደሩም። ዳር ቆመው ሯጩ ራሱ ሊያየው የማይችለውን አዩለት።

ገንዘቡ አንገበገበኝ። ለ6 ወር፣ በየ15 ቀኑ ማክሰኞ ጠዋት፤ ክፍያው ለማሽን ሮለር ከማወጣው ጋር ይቀራረባል። ለሮለር ግን አንድም ቀን ተከራክሬ አላውቅም።

በዚህ ሙያ ማንም ተነስቶ ኮች ነኝ ማለት ስለሚችል አጣርቶ መያዝ ግድ ነው። ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን ሦስት ደረጃ አለው። ለመጀመሪያው 100፣ ለሁለተኛው 500፣ ለሦስተኛው 2500 የተግባር ሰዓት ይጠየቃል። የእኔዋ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ናቸው፤ ባንክ ውስጥ ረጅም ዓመት የሠሩ፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት። ቢሯቸው ለገሃር፣ አራተኛ ፎቅ ነው።

በእናቴ ዕድሜ ስለሆኑ ምክር ጠብቄ ነበር የሄድኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ ብሶቴን ዘረገፍኩ። በመጨረሻ «ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኳቸው።

«አንተስ ምን አሰብክ?»

ተናደድኩ። ለዚህ ነው የምከፍለው? እሳቸው ግን ዝም ብለው ጠበቁኝ። ከዚያ የቤት ሥራ ሰጡኝ። ለአንድ ሳምንት ቢሮዬ የገባውን ሰው ሁሉና የጠየቀኝን ነገር እንድጽፍ።

በአሮጌ አጀንዳ ላይ ጻፍኩ። 93 መስመር ሆነ። በቀጠሯችን ቀን አጀንዳውን ገልጠው ወደ እኔ አዞሩትና «አንተ ብቻ መልሱን የምታውቀው የትኛው ነው? አክብብበት» አሉኝ። እስክሪብቶ ይዤ አንድ በአንድ ወረድኩ። 9 ብቻ አከበብኩ። 84ቱ ጠያቂው ራሱ መልሱን የሚያውቀው ነበር። ምንም አላሉኝም። እኔም የምለው ጠፋኝ። ከታች ባቡሩ ሲያልፍ ይሰማል።

ከዚያ በእኔ ፈቃድ 7 ሠራተኞችን ከግቢ ውጭ አነጋገሩ። የሰጡኝ የተባለውን ዋና ዋና ነገር በጽሑፍ ነው፤ ስም የለበትም። እኛ ቤት አለቃን ፊት ለፊት «ተሳስተሃል» የሚል የለም፣ ይሉኝታ አለ፣ እንጀራም አለ። ስለዚህ ይህ መንገድ ባይኖር ያንን ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ አላነበውም ነበር። «ስህተት ሲፈጠር እሱ ማታ ከሄደ በኋላ ነው የምናርመው» ይላል።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የወረቀት ብክነቱ ለምን እንደበዛ ለወራት ሳጣራ፣ ሰው እስከመጠርጠር ደርሼ ነበር። ለካ ማታ ማታ በድብቅ ድጋሚ እየታተመ ነው። «ማነው ይህን ያለው?» አልኳቸው። «ብታውቅ ምን ታደርጋለህ?» አሉኝ። አፈርኩ።

ናሙና ማጽደቁን ለፎርማኑ ሰጠሁ። ለሽያጭ ሠራተኛዋ የዋጋ ሰንጠረዥ ሠራን። ሰኞ ሰኞ ይታደሳል፤ ከተወሰነ ብር በላይ የሆነው ብቻ ወደ እኔ ይመጣል። በመጀመሪያው ወር በአንድ ሥራ ከሰርን። ወዲያው ፊርማውን መልሼ ልቀማ ተነሳሁ። ማክሰኞ ዕለት የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «የተሳሳተችው ልጅቷ ናት ወይስ ሰንጠረዡ?» ሰንጠረዡ ነበር። ያን ሰኞ ሳላድሰው የቀረሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ኮቺንግ ዶላር አያመጣም፣ የወረቀት ዋጋም አያወርድም። የሥራ ዕውቀት የጎደለው ሰው የሚያስፈልገው ሥልጠና ነው። አጥፍቷል ተብሎ እንደ ቅጣት ወደ ኮች የሚላክ ሰው ደግሞ አፉን አይከፍትም። እኔ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አባቴም እኔም ማሽኑን በሰዓቱ ሰርቪስ ስናስደርግ 20 ዓመት፣ ሰው እንዴት እንደሚመራ ለፎርማናችን አንድ ቀን እንኳ ሥልጠና ከፍለንለት አናውቅም። ዘንድሮ እሱንና ሁለት የክፍል ኃላፊዎችን ላክናቸው። የመጀመሪያው ቀን ሱፍ ለብሶ ነው የሄደው።

ባለፈው ከለገሃር ስመለስ ማሽኑ ቆሟል። የአንድ ባንክ ካሌንደር ላይ ሰማያዊው ስለደመቀ ፎርማኑ አስቁሞ ቀለሙን እያስተካከለ ነው። ርክክቡ በማግሥቱ ነበር።

«ምነው አልደወልክልኝም?» አልኩት።

«ለምን እደውላለሁ? ማክሰኞ ነው፣ ትምህርት ላይ ነህ» አለኝና ወደ ቀለሙ ዞረ።