ያለ መነጽር አይሰማኝም

መነጽሬን አውልቄ ሰው ሲያናግረኝ "እ? ምን አልክ?" ማለት አበዛለሁ። ቤት ውስጥ መሳቂያ ሆኛለሁ። "መነጽር ለዓይን እንጂ ለጆሮ ነው እንዴ?" ይሉኛል። ይሳቁ። እኔ ግን ማስረጃ አለኝ።

እ.ኤ.አ. በ1976 ሃሪ መገርክና ጆን ማክዶናልድ የሚባሉ ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳተሙ። አንዲት ሴት "ጋ ጋ" ስትል የሚያሳይ ምስል ወስደው "ባ ባ" የሚል ድምፅ ገጠሙበት። አብዛኛው አዋቂ የሰማው ግን "ዳ ዳ" ነው! በምስሉም በድምፁም ውስጥ የሌለ ነገር።

ዛሬ ማታ ተመሳሳይ ቪዲዮ ፈልጌ አየሁ። ዓይኔን ስጨፍን "ባ"። ስገልጥ "ዳ"። እንደገና ስጨፍን "ባ"። የተንኮሉን ሚስጥር እያወቅኩት ጆሮዬ ንቅንቅ አላለም፤ ይሄ ነው ያናደደኝ። ነገሩን ራሴ በመስታወት ፊት ሞከርኩት። "ባ" ለማለት ከንፈር መግጠም አለበት። "ጋ" ከጉሮሮ በኩል ይመጣል፣ "ዳ" መሃል ላይ፣ ምላስ ከጥርስ ጀርባ ሲነካ። ዓይን "ከንፈሩ አልገጠመም" ሲል፣ ጆሮ "ባ ነው" ሲል፣ አንጎል መሃል ገብቶ ያስታርቃል። ማንንም ሳያማክር።

ፊልም ስናይም ያው ነው። ድምፁ የሚወጣው ከጎን ካለው ስፒከር ነው፤ እኛ ግን ከተዋናዩ አፍ የወጣ ይመስለናል።

ዓይን ሁሌ ያሸንፋል ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሌላ ሙከራ አለ። አንዴ ብልጭ የሚል ብርሃን ከሁለት አጫጭር ድምፆች ጋር ሲቀርብ፣ ሰዎች ሁለቴ ብልጭ ሲል አየን ይላሉ። እዚህ ላይ ጆሮ ብድሩን መለሰ። "የት?" ሲባል ዓይን ይታመናል፣ "መቼ?" ሲባል ጆሮ፤ በአብዛኛው።

የአፍንጫና የምላስ ሽርክና እንኳ የታወቀ ነው፤ ጉንፋን ሲይዘው ምግብ ጣዕም ያላጣበት ሰው የለም።

ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ የቪዲዮ ጥሪ የሚያደክመኝ በዚህ በዓይንና ጆሮ ሽርክና ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ድምፁ ይቀድማል፣ ከንፈሩ ይከተላል፣ እኔ መሃል ቤት እወዛገባለሁ። ምስሉን ሳጠፋው ንግግሩ ጥርት ይላል። በሌላ ቋንቋ ድምፅ የተገጠመለት ፊልምም እንደዚሁ አይዋጥልኝም። ጽሑፍ ከሥር ያለው ይሻለኛል፤ ማንበቡ ቢያለፋም ቢያንስ አፍና ድምፅ አይጣሉብኝም። መነጽሬን ካደረግኩ ማለቴ ነው።