ልጄ ጅማ ከሄደ ወዲህ ያነበብኳቸው

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። የደረሰው ጅማ ነው። ለሌላ ሰው 350 ኪሎ ሜትር ምንም አይደለም፤ ጠዋት የተነሳ ከሰዓት ይደርሳል። አንድ ልጅ ብቻ ላላት እናት ግን ሩቅ ነው።

ሊሄድ ሲል ባለው ቅዳሜ ቆሎ ቆላሁለት። ገብሱን ለብቻው፣ ሽምብራውን ለብቻው፣ ሱፉን መጨረሻ ላይ። ገብሱ ምጣዱ ላይ መንጣጣት ሲጀምር የኩሽናው በር ላይ ቆሞ ስልኩን እየነካካ «እማ፣ ግቢ ውስጥ ካፌ አለ እኮ» አለኝ። «ካፌው ይኑር፣ ቆሎውም ይሂድ» አልኩት። ሁለት ኪሎ በሶ፣ አንድ ትልቅ ፕላስቲክ ቆሎ፣ ብርድ ልብስ፣ ነጠላ ጫማ። በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡስ ላይ አሳፈርኩት።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ሳመሳክር እውላለሁ። ማታ ስገባ ድሮ የሚጠብቀኝ ድምፅ ነበር፤ አሁን የለም። ቴሌቪዥን ማየት አስጠላኝ። የልጄ ክፍል ገብቼ አልጋው ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። ከዚያ መጽሐፍ ያዝኩ። ላለፉት ሦስት ወራት ያነበብኩትን ያህል በአሥር ዓመት ውስጥ አላነበብኩም።

የመጀመሪያው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። እቤት የነበረ፣ የእናቴ መጽሐፍ፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተጣበቀ። ይህንን መጽሐፍ ከማንበቤ በፊት በጆሮዬ ነው የማውቀው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው እናቴ ሥራዋን ሁሉ ትታ ትቀመጥ ነበር። የሬዲዮው ድንጋይ ሲደክም ከቀኑ ጀምራ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ለማታው ትረካ እንዲደርስላት። እኛ ልጆቹ ትንፍሽ ማለት አይፈቀድልንም። ኋላ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ ራሴ አነበብኩት። ያኔ የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን ገጾች ብቻ እየፈለግሁ፣ ሌላውን እየዘለልኩ። የወደድኩት ፍቅራቸውን ነበር።

አሁን ሳነበው ሌላ መጽሐፍ ሆነብኝ። ሐዲስ ዓለማየሁ ታሪኩን የሚጀምሩት በፍቅረኞቹ አይደለም፤ በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ነው። በበዛብህ አባትና እናት። ማንኩሳ ላይ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ካለ በኋላ ተገናኝተው ትዳር የመሠረቱ ሁለት ሰዎች። በአሥራ ሰባት ዓመቴ እነዚያን ገጾች «መቼ ነው የሚያልቀው» እያልኩ ነበር የገለጥኳቸው። አሁን ግን እነሱ ላይ ቆምኩ። ልጁ ሲታመም ውድነሽ ትሳላለች። ከዳነልኝ ዕድሜውን ሙሉ የእግዚአብሔር አገልጋይ ይሁን፣ ሚስት አያግባ ብላ። ልጁ ዳነ። ስእለቱ ግን አብሮት አደገ።

ልጄ የስምንት ወር ሕፃን ሆኖ ሳንባ ምች ያዘው። ሌሊቱን ሙሉ ደረቱ ሲገባና ሲወጣ እያየሁ ነጋ። እኔም ተስያለሁ። የተሳልኩት ጥላ ነበር፤ ገዝቼ አገባሁ፣ አለቀ። ውድነሽ የተሳለችው የልጇን ሕይወት ነው። ድሮ ተናድጄባት ነበር። ምን አገባት፣ የሱን ሕይወት ማን ስጪ አላት ብዬ። ዛሬ ያንን ሌሊት አስታውሼ ልናደድባት አልቻልኩም። በዛብህ ከሰብለ ጋር ሲዋደድ በመካከላቸው የሚቆመው የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ ኩራት ብቻ አይደለም። የእናቱ ፍርሃትም ቆሟል። ሐዲስ ይህንን በአንድም ቦታ ጮክ ብለው አይናገሩም፤ አንባቢው ራሱ እስኪደርስበት ይተዉታል። ለእኔ የመጽሐፉ ትልቁ ነገር ይኸ ነው። ለዚህ ሃያ ስምንት ዓመት ፈጀብኝ።

ያልወደድኩትም አለ። የዘመኑን ልማድ ሁሉ የሚተቸው ጉዱ ካሳ መናገር ሲጀምር ገጹ አያልቅም። የሚለው ሁሉ እውነት ነው፣ ለዘመኑም ድፍረት ነው፣ መጽሐፉ የታተመው በ1958 መሆኑን አልረሳሁም። ግን አንዳንዴ ሰው መሆኑ ይቀርና ንግግር ብቻ ይሆናል። ብቻውን ሲሆን፣ ሰው «ጉዱ» እያለ ሲስቅበት ያለውን ካሳ ነው የምወደው። መጨረሻውን ሳነብ ግን፣ እንደሚመጣ እያወቅሁም፣ አለቀስኩ።

ቀጥሎ ያለውን ቶሎ ልለፈው። የሥራ ባልደረባዬ «ይጠቅምሻል» ብላ ያዋሰችኝ የተተረጎመ የስኬት መጽሐፍ ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሱ ይላል። እኔ ድሮም በዚያ ሰዓት ነው የምነሳው። አርባኛው ገጽ ላይ ዘግቼ መለስኩላት።

ከዚያ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን «ኦቶባዮግራፊ» ገዛሁ። አራት ኪሎ ከአንድ አዟሪ ላይ ነው። ልጁ መጽሐፎቹን ከእምብርቱ እስከ አገጩ ደርድሮ፣ በአገጩ ተጭኖ ይዞ ነበር። «ይቺን ስጠኝ» ስለው ከመካከል መዘዛት፣ አንዲትም አልወደቀችም።

መጽሐፉን ያሳተመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ነው፤ ሰውየው ካለፉ ከብዙ ዓመት በኋላ። ተክለ ሐዋርያትን የማውቃቸው ከትምህርት ቤት ነው። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር «ፋቡላ»ን የጻፉ፣ ጣሊያን ሲመጣብን ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የተሟገቱ። ትልቅ ሰው። መጽሐፉን ስገልጥ ግን ያገኘሁት ልጅ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላው፣ ከራስ መኮንን ሠራዊት ጋር አድዋ የደረሰ ልጅ። ከጦርነቱ በኋላ ሊዮንቲየፍ ከሚባለው ሩሲያዊ ጋር አገር ጥሎ ይሄዳል። ሩሲያ በሰው ቤት ያድጋል፣ መድፈኛነት ይማራል። አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው አገሩን የሚያየው።

እስቲ አስቡት። ስልክ የለም። ቴሌግራም የለም። እኔ ልጄ መልእክቴን አይቶ ሁለት ሰዓት ሳይመልስ ሲቀር እንቅልፍ ይነሳኛል። ያ ልጅ ከአገሩ ሲወጣ ጥርሱ እንኳ በቅጡ አልተቀየረም። ሲመለስ ጢም ያለው መኮንን ነው። በመካከል ያለውን ማን አየለት? ምን ይበላ እንደነበር፣ ሲታመም ማን ግንባሩን እንደዳሰሰው፣ በየትኛው ቋንቋ እንዳቃዠው። የቤተ መንግሥቱን ገጾች፣ የሹመቱንና የክርክሩን፣ በአክብሮት አነበብኳቸው። ስለ መንግሥት ጉዳይ ሲጽፉ ቃላቸው ስለታም ነው፤ የሚያስቡትን ለመናገር ማንንም አይፈሩም። የታሪክ ሰዎች ለዚያ ያነቡት ይሆናል። እኔ ግን ደጋግሜ የተመለስኩት ወደ መጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኳቸው።

እኅቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ባለፈው ክረምት ስትመጣ የዲናው መንግሥቱን የመጀመሪያ ልብ ወለድ አመጣችልኝ፤ በ2007 በፈረንጆቹ የታተመውን፣ «ዘ ቢዩቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ» የሚለውን። እንግሊዝኛዬ የቢሮ እንግሊዝኛ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብዬ ነበር ያነበብኩት። ቀስ ማለቴ ጠቀመኝ። ስጦታ በሚመስል ጸጥታ የተጻፈ መጽሐፍ ነው።

ሴፋ እስጢፋኖስ ዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል ላይ ትንሽ ሱቅ አለው። ሱቁ ገበያ የለውም። ማታ ማታ ከኮንጎና ከኬንያ ከመጡ ሁለት ጓደኞቹ ጋር ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ አንዱ የአፍሪካ አምባገነን ስም ይጠራል፣ ሌላው አገሩንና የገለበጠበትን ዓመት ይናገራል። ሰው ይህን ጨዋታ ያስቃል ይላል። እኔን አላሳቀኝም። ሴፋ አዲስ አበባን ጥሎ የወጣው አባቱን ወታደሮች ከወሰዱበት በኋላ ነው፤ ቤት ውስጥ የተገኘው ወረቀት የሱ ነበር። ይህንን ተሸክሞ ነው ሱቁን በየጠዋቱ የሚከፍተው። እናቱና ወንድሙ አዲስ አበባ ቀርተዋል።

ለእኅቴ ደውዬ «ለምን አይመጣም? ደርግ ከወደቀ ስንት ዓመቱ፣ ለምን እናቱን አያያትም?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። «እኔስ ስንት ዓመት ቆየሁ?» አለችኝ። አሥራ አራት ዓመት ቆይታ ነው እናታችንን ያየቻት። ወረቀት እስኪስተካከል፣ ገንዘብ እስኪሞላ፣ ባዶ እጅ መምጣት እያሳፈራት። ይህንን እናውቃለን እንጂ ተነጋግረንበት አናውቅም ነበር። ያን ቀን አንድ ሰዓት ተኩል አወራን። ስለ መጽሐፉ ሌላ ምን ልበል? መጨረሻው ላይ ትንሽ የተንጠለጠለ መሰለኝ፣ ጎረቤቱ ጁዲትና ልጇ ኑኃሚን ከታሪኩ ሲወጡ ልቤ አልሞላም። ግን ከእኅቴ ጋር ያንን ቃል ያናገረኝ መጽሐፍ ስለሆነ ከመደርደሪያዬ አይወጣም።

መጨረሻ ያነበብኩት ከሁሉም የበለጠብኝ ነው። «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ»። ያገኘሁት አሮጌ ቅጂ ነው፤ ወረቀቱ የሻይ ቀለም ይዟል፣ ስገልጠው የቆየ ሣጥን ይሸታል። ከእኔ በፊት ያነበበው ሰው በእርሳስ ኅዳጉ ላይ መስመር እያሰመረ ሄዷል። አንድ ቦታ ላይ በትንንሽ ፊደል «አባቴም እንዲህ ይል ነበር» ብሎ ጽፏል። ማን እንደሆነ አላውቅም። ያቺን አረፍተ ነገር ግን ከታተመው ጋር አንድ ላይ ነው የማነባት።

አለቃ ለማ የቤተ ክህነት ሊቅ ናቸው። ልጃቸው ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ ነው። እንግሊዝ አገር ሄዶ ተምሮ መጣ። መጣና ምን አደረገ? የድምፅ መቅረጫ ይዞ አባቱ ፊት ተቀመጠ። ልጅ ይጠይቃል፣ አባት ያወራል። የተቀረጸው ወደ ወረቀት ተገለበጠና በ1959 መጽሐፍ ሆነ። የቃል ወሬው ሳይኮላ፣ ሳይሽሞነሞን። አንድ ሽማግሌ ምሳቸውን በልተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ሲያጫውቱ የምትሰሙ ነው የሚመስለው። አረፍተ ነገሩ መካከል ላይ ይቆምና ሌላ ነገር ትዝ ይላቸዋል፤ ከዚያ ይመለሳሉ። አንዳንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ካላነበባችሁ አይገባችሁም። ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት፣ ያኔ ይገባል። እኔ ባዶው ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። ግድግዳው ድምፅ ካጣ ሰንብቶ ነበር።

የቆሎ ተማሪ ሕይወት እዚያ ውስጥ አለ። ለምድ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የውሻ ጥርስ እያመለጠ ቅኔ ፍለጋ አገር ለአገር የሚዞር ልጅ። በዚያ ዘመን ብዙው ልጅ ለወላጅ ሳይነግር ነበር የሚጠፋው፤ ቢናገር ስለማይለቁት። ከአጭሩ ቅኔ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ረጅሙን መወድስ እስኪዘርፍ ድረስ ዓመታት ይሄዳሉ። አንዱን መምህር ጨርሶ ወደ ሌላው ይሻገራል። እናትየው ደጅ ደጁን እያየች ትቀራለች። እንግዳ ሴት ደጃፏ ላይ ለቆመው ተማሪ ፍርፋሪ ትሰጣለች፤ ምናልባት የሷም ልጅ በዚያች ሰዓት ሌላ አገር፣ የሌላ ሴት ደጃፍ ላይ ቆሟል። ይህንን ሳስብ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ሌሎቹ መጻሕፍት ውስጥ ልጅ ይሄዳል። በዛብህ ይሄዳል፣ ተክለ ሐዋርያት ይሄዳል፣ ሴፋ ይሄዳል። እዚህኛው ውስጥ ግን የሄደው ልጅ ተመልሶ «አባባ፣ እስቲ ንገረኝ» ይላል። ሥራዬ ብሎ ይሰማል። ተውኔቶቹን በትምህርት ቤት አውቃቸው ነበር፤ ለእኔ ግን መንግሥቱ ለማ ከሠራው ሁሉ ይህ ይበልጣል። ከራሱ ብዙም ያልጨመረበት፣ ጆሮውን ብቻ የሰጠበት መጽሐፍ።

ትናንት ማታ ልጄ ደወለ። ፈተና አለበት፣ ኬሚስትሪ አስቸግሮታል። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማ፣ ቆሎው አልቋል» አለኝ። ዶርም ውስጥ ስድስት ናቸው፤ በሳምንት ጨረሱት። አንዱ ልጅ ከሩቅ አገር የመጣ ነው፣ ከቤት ምንም አይላክለትም፣ የሱን ድርሻ ልጄ ነው የሚሰጠው።

ቅዳሜ ወደዚያ የሚሄድ የሰፈር ልጅ አለ። ገብሱን ዛሬ ለቅሜ ጨርሻለሁ፤ በዚህኛው እጥፍ ነው የምቆላው። ከቆሎው ጋር አለቃ ለማን እልክለታለሁ። በእርሳስ ከተጻፈችው አረፍተ ነገር በታች ትንሽ ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ላይ ስሙንና ቀኑን ጻፍኩበት።